ስለ መቀመጫና ስለ ጭን ጀርባ ጡንቻዎች

የዚህ የሰውነት ክፍል ስም ሲጠራ ብዙዎቻችን እንሥቃለን፤ ነገር ግን በባዮሎጂ ትምህርት ያገኘሁት ዕውቀት ለሁላችን የሚጠቅም ስለ ሆነ አቀርበዋለሁ።

ዋና ዋናዎቹ የመቀመጫ ጡንቻዎች ሦስት ናቸው፤ ተደራርበውም ይገኛሉ። ትልቁ ከተቀመጥንበት ያስነሣናል፤ ዳገትም ያስወጣናል። ከሥሩ ያሉት ሁለቱ በአንድ እግር ስንቆም ዳሌያችን እንዳያዘነብል ይደግፋሉ። ከጭን በስተኋላ ያሉት ሦስት ጡንቻዎች ደግሞ ከመቀመጫ አጥንት ተነሥተው ከጉልበት በታች ይያያዛሉ፤ ጉልበትንም ያጥፋሉ።

በትልቁ ጡንቻ ሥር ከነርቮች ሁሉ የሚወፍረው ነርቭ ወደ እግር ይወርዳል። መርፌ ቢወጋው እግር ሊደክም፣ አልፎም ሽባ ሊሆን ይችላል። መቀመጫን በአሳብ ከአራት ብንከፍለው፣ ከነርቩ የሚርቀው የላይኛው የውጭ ሩብ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን ላልሠለጠነ መርፌ ወጊ አትስጡ።