አንድ ሕመምተኛ፣ አንድ ቃል፦ ሐኪምና ነርስ ሥነ ምግባርን አብረው ስለ መማራቸው

በዚህ ትምህርታችን የምንመረምረው ጥያቄ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ነገ ሕሙማንን በአንድነት የሚያገለግሉት የሕክምናና የነርስ ተማሪዎች የሙያቸውን ሥነ ምግባር ለየብቻ ይማሩ ወይስ በአንድ ክፍል?

ምሳሌ እንውሰድ። ከቡሬ ገጠር የመጣ ገበሬ ፍኖተ ሰላም ላይ ተኝቶ ይታከማል እንበል። ምርመራው የማይድን ነቀርሳ ያሳያል። ታላቅ ወንድሙ ሐኪሙን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «ዶክተር፣ ለእርሱ እንዳይነግሩት፤ ልቡ ይሰበራል» ይላል። ሐኪሙም እሺ ይላል። ሌሊት ሕመምተኛው መድኃኒት ልትሰጠው የመጣችውን ነርስ፣ «እኅቴ፣ እድናለሁ ወይ? በሬዬን ልሽጠው ወይስ ላቆየው?» ብሎ ይጠይቃታል። ብትናገር የሐኪሙን ቃል ታፈርሳለች፤ ብትዋሽ ያመናትን ሰው ትበድላለች። ሰውየው ግን የሚከፍለው ዕዳ፣ የሚናዘዘው ኑዛዜ፣ የሚገባው ንስሓ አለው፤ የቀረውም ጊዜ አጭር ነው።

እዚህ ላይ ክፉ ሰው የለም። የጎደለው ሁለቱ አስቀድመው አብረው መመካከርን አለመልመዳቸው ነው።

ሀገራችን ለጋራ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምብያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያም የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ተቋም ተማሩ፤ በቡድን ሆነውም በጤና ጣቢያዎች ተለማመዱ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ባወጣው ሰነድ የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎች አንዱ ከሌላው ጋር፣ አንዱም ከሌላው እንዲማሩ አሳስቧል። እጅን ያስተባበረ ትምህርት ኅሊናንም ሊያስተባብር ይገባዋል።

በአንድ ክፍል ቢቀመጡ፣ የነርስ ተማሪዋ በሌሊት የሚሰማውን ጥያቄ ትናገራለች፤ የሕክምና ተማሪውም ምርመራው የሚያረጋግጠውንና የማያረጋግጠውን ያስረዳል። ከዚያ አብረው ይጠይቃሉ፦ ሕመምተኛው ራሱ ምን ያህል ማወቅ ይሻል? ማን ይንገረው? ከዘመዶቹስ ማን ባለበት?

ሕዝባችን ለዚህ የራሱ ጥበብ አለው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አንደበት ነው። ኀዘንተኛው ብቻውን አይተውም። መርዶ ቢዘገይም ግን አይቀርም። ለታመመ ሰውም እንዲሁ አነጋገሩ ይለዝባል፤ እውነቱ ግን በሐሰት አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2488 እውነትን የመግለጥ ግዴታ በፍቅር ሚዛን እንዲመዘን ያስተምራል፤ ሐሰትን ግን አይፈቅድም።

ደጉን ሳምራዊ እናስብ (ሉቃ. 10፥25-37)። ቁስሉን ካሰረ በኋላ የተጎዳውን ሰው ለእንግዶች ማረፊያው ጠባቂ አደራ ሰጠ፤ ሁሉንም ብቻውን አልፈጸመም። ሕመምተኛ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አደራ ነው። አደራውም የሚጸናው ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ቃል ሲኖራቸው ነው።

ለውይይት፦
1. በቤተሰባችን የታመመ ሰው ሲኖር እውነቱን የምንደብቀው ለእርሱ ብለን ነው ወይስ የራሳችንን ፍርሃት ለመሸሽ?
2. በሰበካችን ያሉ ነርሶችና ሐኪሞች እንዲህ ባለው ጥያቄ ላይ ከወጣቶች ጋር እንዲወያዩ ብንጋብዝ በምን እንጀምር?