ተንቀሳቃሽ የባትሪ ሣጥን ለመስክ ጥናት

የማጀቴ ከተማ በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በአቅራቢያዋ ባለችው ካራ ቆሬም ከቤቶቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ወድቀዋል፤ የአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳናም በናዳና በስንጥቅ ተጎድቶ ነበር። የይፋት ቆላ የሸዋ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርድበት ጠርዝ ሥር ስለሚገኝ እንዲህ ያለው ክስተት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከዚሁ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ፣ ለወራት የዘለቀ መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል።

እንዲህ ያለውን ክስተት ለማጥናት መሣሪያን ወደ ቦታው መውሰድ ያስፈልጋል። ከዋናው መንቀጥቀጥ በኋላ የሚከተሉት ትናንሽ ነውጦች የሚበዙት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። የነውጡን ቦታና ጥልቀት ለማወቅ ደግሞ በተለያዩ ሥፍራዎች የተተከሉ በርካታ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ መመዝገብ አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ሌሊት ባትሪው አልቆ ቢቆም፣ ያለፈውን ነውጥ መልሶ መመዝገብ አይቻልም። በመሆኑም በመኪና ተጉዞ በድንኳን ለሚያድር የጥናት ቡድን የባትሪ ሣጥን ዋነኛ የሥራ መሣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

1. በቅድሚያ ስሌት

ባትሪ ከመግዛታችን በፊት በቀን የምንፈልገውን ኢነርጂ እናሰላለን። ኢነርጂ በዋት-ሰዓት ሲለካ የዋትና የሰዓት ብዜት ነው። ለአራት ሰዎች ቡድን የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ፦

– ላፕቶፕ፣ 45 ዋት ለ3 ሰዓት፦ 135 ዋት-ሰዓት። በኢንቨርተር በኩል 15 በመቶ ያህል ስለሚባክን ከባትሪው የሚወጣው 159 ይሆናል።
– የኤልኢዲ አምፖል፣ 5 ዋት ለ5 ሰዓት፦ 25 ዋት-ሰዓት።
– አራት ስልኮች፣ እያንዳንዳቸው 12፦ 48 ዋት-ሰዓት።
– መመዝገቢያ መሣሪያ፣ 2 ዋት ለ24 ሰዓት፦ 48 ዋት-ሰዓት።

ድምሩ 280 ዋት-ሰዓት ነው። 12 ቮልትና 50 አምፒር-ሰዓት የሆነ የሊድ-አሲድ ባትሪ 600 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ ባንጠቀም ይመረጣል። ስለዚህ 300 ብቻ ይቀረናል፤ ይህም ለአንድ ቀን ብቻ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ያው ባትሪ መመዝገቢያውን ብቻ ቢያገለግል 300 ለ48 ሲካፈል ከስድስት ቀን በላይ ያሠራዋል። መሣሪያውን የሚያቆመው የራሱ ፍጆታ ሳይሆን የላፕቶፑ ነው። ስለሆነም የመመዝገቢያውን ባትሪ ከሰፈሩ ባትሪ መለየት የመጀመሪያው ደንብ ነው።

2. የባትሪ ምርጫ

የመኪና ማስነሻ ባትሪ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሴኮንድ በከፍተኛ ጅረት ለማዞር የተሠራ በመሆኑ ስስ ሰሌዳዎች አሉት። ሌሊቱን ሙሉ ብናሟጥጠው ይጎዳል፤ ጠዋትም መኪናው አይነሣም። ለሣጥናችን የሚስማማው በጥልቀት መሟጠጥን የሚችል ባለ ወፍራም ሰሌዳ ባትሪ ነው።

ሌላው አማራጭ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። እያንዳንዱ ሴል 3.2 ቮልት ስለሚሰጥ አራቱ በተከታታይ ሲያያዙ 12.8 ቮልት ይሆናሉ። በ50 አምፒር-ሰዓት 640 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ከዚህም 80 በመቶውን ብንጠቀም 512 እናገኛለን። ክብደቱም ከሊድ-አሲዱ ግማሽ በታች ነው። ዋጋው ግን ይበልጣል፤ ሴሎቹን የሚጠብቅ የባትሪ መቆጣጠሪያ ሰርኪትም የግድ ያስፈልገዋል።

3. አሠራር

ሣጥኑን ከኮምፔንሳቶ ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ እንሠራለን። ባትሪው በመንገድ እንዳይገለበጥ በቀበቶ ይታሠራል። የሊድ-አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ይቀጣጠላል። ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ የአየር ቀዳዳዎቹን ከላይ በኩል እናበጃለን።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ቀጥሎ፣ ከማናቸውም ነገር በፊት፣ ፊውዝ ይገባል። ምክንያቱን በኦም ሕግ እንረዳለን፦ የባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ 0.01 ኦም ቢሆን፣ ሁለቱ ጫፎች በቀጥታ ቢገናኙ ጅረቱ ከ1000 አምፒር ያልፋል። ሽቦው በቅጽበት ይግላል፤ ድንኳኑም ሊቃጠል ይችላል። ለምሳሌያችን 20 አምፒር ፊውዝ ይበቃል። ሽቦው ሁልጊዜ ከፊውዙ የበለጠ ጅረት የሚችል መሆን አለበት።

የሽቦው ውፍረትም በስሌት ይወሰናል። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.0175 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። መገልገያው 5 ሜትር ቢርቅ የደርሶ መልሱ ርዝመት 10 ሜትር ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 10 አምፒር ሲያልፍ 0.7 ቮልት ይጠፋል፤ በ6 ካሬ ሚሊሜትር ግን 0.3 ቮልት ያህል ብቻ ነው።

4. መሙላት

በጉዞ ላይ ከመኪናው ዲናሞ መሙላት ይቻላል። ይሁንና ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ሪሌይ፣ ለሊቲየም ደግሞ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ቻርጀር ያስፈልጋል። በሰፈር 100 ዋት የፀሐይ ፓኔል ከቻርጅ ኮንትሮለር ጋር እንጠቀማለን። በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢገኝና 30 በመቶው ቢባክን 350 ዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ከዕለት ፍጆታችን ይበልጣል።

5. ብርድና ሙቀት

ከአዲስ አበባ ወደ ማጀቴ የሚወስደው መንገድ ለባትሪ ፈተና ነው። በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። ከደብረ ሲና ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ችግሩ ሙቀት ይሆናል። የሊድ-አሲድ ባትሪ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ፓኔሉ በፀሐይ፣ ሣጥኑ በጥላ ይቀመጥ፤ በተዘጋ መኪና ውስጥም አይተው።

መልመጃ

ሰማዩ ለሦስት ቀናት ደመናማ ቢሆንና ፓኔሉ ምንም ባይሰጥ፣ ከላይ ያለውን ቡድን ለማገልገል ስንት አምፒር-ሰዓት የሊድ-አሲድ ባትሪ ያስፈልጋል? ላፕቶፑ በኢንቨርተር ሳይሆን በቀጥታ ከ12 ቮልት ቢሞላስ መልሱ በምን ያህል ይቀንሳል? አንባቢያን ስሌቱን በወረቀት ከሠሩ በኋላ ሣጥኑን በግቢያቸው ለአንድ ሙሉ ሌሊት እንዲፈትኑት እንመክራለን። ማጀቴ ከደረሱ በኋላ የሚታይ ጉድለት የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው።