ከተራራ ወደ ወይጦ ቆላ፦ ሯጭ ሲዘባርቅ ምን እናድርግ?

ከኮንሶ ተራሮች ወደ ወይጦ በሚወርደው ሸንተረር ስንሮጥ አንዱ ጓደኛችን መዘባረቅና መንገዳገድ ጀመረ። ላቡ ግን ይንቆረቆር ነበር።

ብዙ ሰው «ካላበው ደህና ነው» ይላል። ልክ አይደለም! ሯጭ እያላበውም ሂት ስትሮክ ሊይዘው ይችላል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁል አየሩ በግምት 6 ዲግሪ ይሞቃል፤ የሰውነት ሙቀት ከ40 ሲያልፍ አንጎልና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ምን እናድርግ?
✅ ጥላ ውስጥ አስተኙት፤ ልብሱን አውልቁለት።
✅ ሳታቋርጡ ውሃ አፍስሱበት፤ አራግቡለት። የጀሪካን ውሃም ይሠራል።
❌ ራሱን ከሳተ ወይም ከዘባረቀ በአፉ ምንም አትስጡት።

መኪና እስኪመጣ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም! እኛም ጓደኛችንን ያተረፍነው እንደዚህ ነው።

ለሚሮጡ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።