የምሥጢር ሰደቃና የምሥጢር መዋጮ

በድብቅ የሚሰጥ ሰደቃ ያለውን ደረጃ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ለፖለቲካ ፓርቲ የተሰጠ ገንዘብ ይፋ ይውጣ ሲባል አንዳንድ ነጋዴ ወንድሞቻችን ቅር የሚላቸው ከዚህ ተነሥተው ይመስላል። «የሰጠሁትን ለምን አስወራለሁ?» ይላሉ። አነጋገሩ ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ያደባልቃል።

ሰደቃ የሚደበቀው ሰጪው ከታይታ እንዲድን፣ ተቀባዩም እንዳያፍር ነው። ድኻው ነገ የሚመልሰው ውለታ የለውም። የምርጫ መዋጮ የሚቀበለው ግን ነገ መሬት በሚሰጥበትና ጨረታ በሚወሰንበት ወንበር ሊቀመጥ የተዘጋጀ ሰው ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑል ሉትቢያ ሲመለስ፣ ከፊሉ የእናንተ ነው፣ ከፊሉ ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። እርሳቸውም በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ስጦታው ይመጣለት እንደ ነበር መጠየቃቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ በሉ፤ ሰውየው አልደበቀም። ጥያቄው ሊነሣ የቻለውም ስለ ተናገረ ነው።

ታዲያ በሐዋሳ የትኛው ሕግ ይሠራል? የኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔን ተከትሎ ሲዳማ ክልል ሲሆን ሐዋሳ መቀመጫው ብትሆንም፣ የምርጫና የፓርቲ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት የተሰጠ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሷን የዘመቻ ገንዘብ ቦርድ አቋቁማለች፤ የእኛ ከተማ ምክር ቤት ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ የሐዋሳ ነዋሪ የሚመለከተው በ2011 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1162 ነው። አዋጁ ፓርቲዎች ሒሳባቸውን አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ከውጭ ዜጋ፣ ከሃይማኖት ድርጅትና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ስጦታ እንዳይቀበሉም ይከለክላል። አንድ ምእመን እንደ ዜግነቱ ከኪሱ ይስጥ፤ የመስጊድ ሣጥን ግን ለየትኛውም ዕጩ አይከፈትም። ይህን ኮሚቴዎቻችን አጥብቀው ይያዙት።

ይሁንና ሒሳቡ ቦርዱ ዘንድ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ የአረብ ሰፈር ባለ ሱቅ ከምርጫው ቀን በፊት የትልልቅ ሰጪዎችን ስም ማንበብ መቻሉ ደግሞ ሌላ። ሕንድ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ስም ሳይገለጽ በባንክ ሰነድ ለፓርቲ መስጠትን ፈቀደች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የካቲት 2016 ዓ.ም. የመራጩን የማወቅ መብት ይጥሳል ብሎ ሻረው። ዝርዝሩ ሲወጣ በመንግሥት ምርመራ ሥር የነበሩ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ተገኙበት። እነዚህ ኩባንያዎች የሰጡት ለጽድቅ ነው የሚል ማን አለ?

ለተቃዋሚ የሰጠ ነጋዴ ስሙ ቢወጣ ሱቁ ይታሸጋል የሚል ሥጋትም አለ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ አገራችንን የሚያውቅ ሰው አይስቅበትም። መልሱ ግን የመጠን ወሰን ነው። ደቡብ አፍሪካ ሕጓን በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ስታውል ይፋ እንዲሆን ያዘዘችው በዓመት ከ100 ሺህ ራንድ በላይ የሆነውን ስጦታ ነው። በዚህ መንገድ መቶና ሁለት መቶ ብር ያዋጣ ሰው ስሙ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ሚሊዮን የሰጠው ግን ይታወቃል።

እስከዚያው በእጃችን ያለ ነገር አለ። መዋጮ የተጠየቀ ሰው ገንዘቡን በሰው እጅ ከመስጠት ይልቅ በፓርቲው የባንክ ሒሳብ ያስገባ፤ በስሙ የተጻፈ ደረሰኝም ይቀበል። ደረሰኝ አንሰጥም የሚል ሰብሳቢ ከመጣ፣ ገንዘቡ ወደ ፓርቲው ካዝና መግባቱን በምን ያውቃል?