የተቀረጸው ምስልና የተሰጠው ቃል

ሥዕል በወረቀት ላይ በቀለም ሲሣል አንድ ብቻ ይሆናል፤ ወረቀቱ ቢቀደድ ወይም እሳት ቢበላው ይጠፋል። በመዳብ ላይ የተቀረጸ ምስል ግን ብዙ ልጆች እንደምትወልድ እናት ነው፤ ከአንዱ መዳብ ብዙ መቶ ሥዕሎች ይታተማሉ።

ሥራውም እንዲህ ነው። ቀራጺው በለሰለሰ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ስለታም በሆነ የብረት መቅረጫ ቀጫጭን መሥመሮችን ይቆፍራል። ሲታተም ይገለበጣልና ቀኙን ግራ፥ ግራውንም ቀኝ አድርጎ ይቀርጻል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ቀለም ይቀባና ላዩን ይጠርገዋል፤ ቀለሙም በተቆፈሩት መሥመሮች ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት አልብሶ በመጭመቂያ ሲያሳልፈው ወረቀቱ ቀለሙን ስቦ ያወጣዋል። እጁ አንድ ጊዜ ቢስት ስሕተቱ በወረቀቱ ሁሉ ላይ ይታያል። ስለዚህ ቀራጺ ትዕግሥተኛ ሊሆን ይገባዋል።

በአሜሪካ አገር አሞስ ዱሊትል የሚባል ቀራጺ ነበረ። እርሱም ፒተር ላኩር የነደፈውን ሥዕል ተከትሎ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተንን በዓለ ሹመት በመዳብ ላይ ቀረጸ። በዓሉ የተፈጸመው በኒው ዮርክ ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 30 ቀን 1789፥ በእኛ አቆጣጠር በ1781 ዓ.ም. ነው። ሥዕሉም በሚከተለው ዓመት ወጣ። ፌዴራል ሆል የሚባለው ትልቅ ቤት በሥዕሉ ላይ ይታያል። በግንባሩ ላይ የንስር ምስል አለ፤ ከበታቹም ዓምዶች ያሉት ሰገነት ይታያል። በሰገነቱ ላይ ዋሽንግተንና መሐላውን ያስፈጸሙት ሮበርት ሊቪንግስተን ቆመዋል።

በዚያ ቀን ለመሐላው የሚሆን መጽሐፍ ቅዱስ በቤቱ አልተገኘምና ከአንድ ማኅበር ተውሰው አመጡ። ዋሽንግተንም እጃቸውን በመጽሐፉ ላይ አኑረው ሥራቸውን በታማኝነት ሊፈጽሙ፥ የአገራቸውንም ሕግ ሊጠብቁ ማሉ። ልብሳቸው ከባሕር ማዶ የመጣ አልነበረም፤ በገዛ አገራቸው የተሸመነ ቡናማ ልብስ ነበረ። ሕዝቡም በመንገድ ላይ ቆሞ በደስታ ጮኸ። በሩቅ አገር የነበሩትም ሰዎች የታተመውን ሥዕል ባዩ ጊዜ እንደ ቆሙበት ሆኖ ተሰማቸው።

ነገር ግን ሥዕል ሁሉን አይናገርም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከ600,000 የሚበልጡ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ ዋሽንግተንም ራሳቸው ባሮች ነበሯቸው። ይህ በመዳቡ ላይ አልተቀረጸም። ደግሞም ዋሽንግተን ከ8 ዓመት በኋላ ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለሌላ አስረክበው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ይህም በሥዕሉ ላይ የለም። ስለዚህ ብልህ ተማሪ የሹመትን ሥዕል ባየ ጊዜ አድንቆ ብቻ አያልፍም፤ «ከመሐላው በኋላ ምን ተሠራ?» ብሎ ይጠይቃል።

በአገራችንም የሚመስለው ነገር አለ። በላምበረት ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚመለከት ልጅ የእንጦጦን ተራራ ያያል። በዚያ ተራራ፥ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። በተራራው ላይ የተገኘው ሰው በዓሉን አየ፤ በሩቅ ጠቅላይ ግዛት የነበረው ግን አላየም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዘውድ የደፋው የንጉሠ ነገሥቱ ምስል በብር ላይ ተቀርጾ ወጣ። ብሩ የተመታው በፓሪስ ከተማ ሲሆን 1887 የሚል ዓመት ተጽፎበታል፤ ቀራጺውም ዣን ላግራንዥ የሚባል ፈረንሳዊ ነበረ። በአንደኛው ወገን ንጉሠ ነገሥቱ፥ በሁለተኛው ወገን ዘውድ የደፋ አንበሳ ይታያል። ክብደቱም 28 ግራም ያህል ነበረ።

ይሁን እንጂ በብዙ ገበያ ነጋዴው አዲሱን ብር ፈጥኖ አልተቀበለውም። የለመደው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነበረና። ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ የነበሩ ንግሥት ናቸው። የሞቱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው፤ ብራቸው ግን ከሞታቸው በኋላ ያንኑ ዓመት እንደ ተጻፈበት፥ በዚያው ክብደትና በዚያው ጥራት ይመታ ነበር። ባላገሩም በምስሉ ላይ ያለውን የጌጥ ነጥብ ቆጥሮ፥ ሳይጎድል ሲያገኘው ይቀበለው ነበር። ይህ ጠገራ ብር በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ እንኳ ገና ከገበያ አልጠፋም ነበር።

ልጆች ሆይ፥ ነገሩን አስተውሉ። የምኒልክ ብር ጥሩ ብር ነበረ፤ ምስሉም የተከበረ ንጉሠ ነገሥት ምስል ነበረ። ቢሆንም ባላገሩ የተማመነው ብዙ ዘመን ሳይለወጥ ባየው ነገር ላይ ነው። እምነት በአንድ ቀን በዓል አይገኝም፤ በአዋጅም አይመጣም። ዛሬም ትናንትም አንድ ሆኖ የተገኘ ነገር ብቻ ይታመናል። መሐላም እንዲሁ ነው፤ በሰገነት ላይ ሲነገር ያምራል፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን ከዓመታት ሥራ በኋላ ነው።

ዛሬ በላምበረት መናኸሪያ ተሳፋሪው ለረዳቱ የሚሰጠውን የአንድ ብር ሳንቲም ገልብጦ ያየ ልጅ በአንደኛው ወገን የአንበሳ ራስ፥ በሁለተኛው ወገን ሚዛን ያገኛል። አንበሳው ክብርን፥ ሚዛኑ ቅንነትን ያሳስበን። ክብር ያለ ቅንነት አንድ ወገኑ የተፋቀ ሳንቲም ነው፤ ማንም አይቀበለውም።

የክፍል አለቃ ሆኖ የተመረጠ ተማሪም በጓደኞቹ ፊት «አላዳላም» ብሎ ቃል ይሰጣል። በዚያ ቀን ሁሉ ያጨበጭብለታል። በማግሥቱ ወዳጁ ሲያጠፋ ስሙን ሳይጽፍ፥ የማይወደው ሲያጠፋ ግን ቢጽፍ፥ ጭብጨባው ከንቱ ሆነ። በወዳጁም ላይ ቅን ሆኖ ከተገኘ ግን ቃሉ በመዳብ ላይ እንደ ተቀረጸ ምስል በጓደኞቹ ልብ ይኖራል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና፥ ቃል ከመስጠት በፊት ማሰብ፥ ከሰጡ በኋላ መፈጸም ይገባል።

ጥያቄዎች

1. ቀራጺ ምስሉን ገልብጦ የሚቀርጸው ስለ ምንድር ነው?
2. በዱሊትል ሥዕል ላይ የማይታዩት ሁለት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
3. ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የተባሉት የትና መቼ ነው?
4. ባላገሩ ጠገራ ብርን ያምን የነበረው ስለ ምን ነበር?
5. አንተ ወይም አንቺ ሰጥታችሁ ገና ያልፈጸማችሁት ቃል አለን?