ልጄ አፉን ያልፈታው ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ይሆን?

ዛሬ እዚህ ሸዋሮቢት እናቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ጉዳይ እናውራ።

አንዲት እናት የ1 ዓመት ከ8 ወር ልጇን ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ እኔ የማወራው በአማርኛ ነው፤ አማቴ ደግሞ በአርጎብኛ። ሰው ‹ልጁን ግራ አጋባችሁት› ሲለን እማማ እሱን ማናገር ተዉ» አለችኝ። እሷ ሥራ ስትሄድ ልጁ የሚውለው ከአያቱ ጋር ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ሰው አጣ፤ በምትኩ ስልክ ተሰጠው።

እውነቱ ይሄ ነው፦ ሁለት ቋንቋ መስማት አፍ መፍታትን አያዘገይም። ሰንበቴ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አርጎብኛውና አፋርኛው እዚያው ይሰማል። ልጅን የሚጎዳው የቋንቋ መብዛት ሳይሆን የሚያናግረው ሰው ማጣት ነው።

ቃል ስትቆጥሩም የሁለቱንም ደምሩ። በአማርኛ 5፣ በአርጎብኛ 4 ካለው፣ ልጁ 9 ቃል አለው። ቢቀላቅልም አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነው።

ምን እናድርግ?
✅ ሁሉም ሰው በሚቀናው ቋንቋ ያናግረው።
✅ የምትሠሩትን ንገሩት፦ «ሽንኩርት እየላጥኩ ነው»።
✅ «ባባባ» ሲል መልሱለት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ተራውን ስጡት።
✅ «ውሃ» ካለ «ቀዝቃዛ ውሃ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጨምሩለት።
✅ ስልኩን አርቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ሕፃን ስክሪን አይመከርም፤ 2 ዓመት ሲሞላው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ። ካርቱን ልጁ እስኪመልስ አይጠብቅም፣ አያት ግን ትጠብቃለች።

«ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብላችሁ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም የምትመጡት መቼ ነው?
👉 በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ
👉 በ1 ዓመት ከ6 ወሩ የሚፈልገውን በጣቱ ካላሳየ፣ ወይም በየትኛውም ቋንቋ ምንም ቃል ከሌለው
👉 በ2 ዓመቱ እንደ «እማ ነይ» ሁለት ቃል ካላገጣጠመ
👉 ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ
👉 በማንኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ቃል ካቆመ

መጀመሪያ መታየት ያለበት መስማቱ ነው። ያልሰማ ልጅ አይናገርም።

የዚያን ልጅ ጆሮ አየሁ፤ ደህና ነው፣ ሲጠሩትም ይዞራል። እናቱንም እንዲህ አልኳት፦ «እማማ በአርጎብኛቸው ያውሩት፤ ስልኩን ብቻ ይቀበሉት።»

ልጅ ለሚጠብቁ አያቶች አንብቡላቸው፣ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።