በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅለውን የቀጠጢና ዘመድ ስለ መለየት

ቀጠጢናን፥ በአንዳንድ ስፍራም የአህያ ጆሮ የሚባለውን፥ የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዚህ ተክል ዘመዶች በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በረጅም ዘንግ ላይ ብጫ አበባ ስለሚያወጡ በሩቅ ለሚያይ ሰው አንድ ይመስላሉ። ዛሬ የምናስረዳው ከእነርሱ አንዱን፥ ቬርባስኩም ሲኑዋቱም የተባለውን ነው። ስሙን የስዊድኑ ሊቅ ሊኒየስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ዓ.ም. ጻፈው። የሊቃውንት ስም ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ በዚህ ጊዜ ግን ሲኑዋቱም ማለት የተጠማዘዘ ማለት ነውና ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል።

በመጀመሪያው ዓመት ዘንግ አያወጣም፤ ቅጠሉን በመሬት ላይ በክብ ያነጥፋል። ቅጠሉ በወፍራም ጠጉር የተሸፈነ ነው፤ ጠርዙም እንደ ማዕበል ይገባል ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ዘንጉ ይወጣል፤ ዘሩንም ካፈራ በኋላ ይደርቃል። ዘመዱ ቬርባስኩም ታፕሱስ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ሲቆም፥ ይኸኛው እንደ መቅረዝ ብዙ ቅርንጫፍ ያበቅላል።

ከዚህ በኋላ አበባውን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። በመካከሉ የአበባውን ዱቄት የሚይዙ አምስት ክሮች አሉ፤ አምስቱም ሐምራዊ ጠጉር ለብሰዋል። በታፕሱስ ግን የላይኞቹ ሦስቱ ነጣ ያለ ጠጉር ሲኖራቸው የታችኞቹ ሁለቱ ራቁታቸውን ናቸው ለማለት ይቻላል። ሐምራዊው ጠጉር ግን ብቻውን አይበቃም፤ ቬርባስኩም ኒግሩም የሚባለውም አለውና። ስለዚህ የአበባውን ምልክት ከቅጠሉ ጠርዝ ጋራ አስተባብሮ መፍረድ ይገባል።

ይህ ምን ይረባል የሚል ቢኖር፥ በምዕራብ አውሮፓ ዲጂታሊስ የሚባል መርዘኛ ተክል አለ። አበባ ከማውጣቱ በፊት መሬት ላይ የተነጠፈ ቅጠሉ ቀጠጢናን ስለሚመስል፥ ለመድኃኒት የሚለቅም ሰው ቢሳሳት የልቡ አመታት ይታወካል፥ ይሞትም ይሆናል። የዲጂታሊስ ቅጠል ጠጉሩ ሳሳ ያለ፥ ጠርዙ በጥቃቅን ጥርስ የተከበበ ነው። የደረቀና የተፈጨ ቅጠል ግን በዓይን ስለማይለይ መቀበል አይገባም።

ለግጦሽ ባለቤትም ሌላ ነገር አለ። ከብት ጠጉሩን ስለሚጠላ አይግጠውም፤ በተጋጠ ሜዳ ላይ ብቻውን ይቀራል። መቆረጥ ያለበት ዘሩ ሳይረግፍ ነው። ዊልያም ቢል የተባሉ ሊቅ በ1879 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሚሺገን በጠርሙስ አድርገው ከቀበሩት ዘር፥ በ2021 ዓ.ም. ተቆፍሮ ሲዘራ የዚሁ ወገን ዘር ከ142 ዓመት በኋላ በቅሏል።